መርዶ ወደ ግራቪና

ዘርፈሽዋል የማማ ፊሎን ቋንቋ መማር የጀመረችው በትራስ ነው። ዴንቨር አቅራቢያ እንግልውድ ካለው ቤት ሥራ በገባችበት ሳምንት የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ብቅ ስትል፣ አሮጊቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ «ትራስ! ትራስ!» አሏት። ክው አለች። አማርኛ የሚናገሩ ጣልያናዊት አሮጊት በዕድሜዋ አጋጥመዋት አያውቁም። ቢሆንም የታመመ ሰው ትራስ ካለ ትራስ ነውና፣ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ አንዱን አንስታ ከጀርባቸው ደገፈችላቸው። ማማ ፊሎ ትራሱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ፈገግ አሉ። በማግስቱ በሩ ላይ ስትደርስ አሁንም «ትራስ! ትራስ!» አሏት፤ ሌላ ጨመረች። በሳምንቱ መጨረሻ ልጃቸው ካርላ ከሥራ ስትመለስ እናቷን በትራስ ክምር መሀል እንደ አራስ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» አለች ዘርፈሽዋል። «ትራስ ይሉኛል። በእኛ ቋንቋ ፒሎው ማለት ነው።»

ካርላ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በእናቷ አገር ቋንቋ «ትራስ» ማለት «ግቢ» ማለት ኖሯል። አሮጊቷ በር ላይ የቆመችውን እንግዳ «ግቢ፣ ግቢ» ነበር የሚሏት።

ቡናውም እንደዚሁ ነው። አመሻሽ ላይ ዘርፈሽዋል ጃኬቷን ስታነሳ ማማ ፊሎ «ስታተ ቡን» ይሏታል። እሷ ደግሞ ቡና አማራቸው ብላ ጃኬቷን መልሳ ሰቅላ ታፈላላቸዋለች። አሮጊቷ አክብረው ይጠጡላታል። እንቅልፍ አጥተው መገላበጥ ሲጀምሩ ነው «ስታተ ቡን» ማለት «ደህና ሁኚ» ማለት መሆኑ የታወቀው።

ዘርፈሽዋል ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ በዲቪ ከባሏ ከደምሰው ጋር አሜሪካ፣ አውሮራ የመጣች ሴት ናት። ደምሰው የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ ቤት ውስጥ ካለበት ቀን የሌለበት ይበዛል። እሷ መጀመሪያ ኤርፖርት ጽዳት፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ላውንደሪ ሠራች፤ በኋላም ኮርስ ወስዳ ኬር ጊቨር፣ የአዛውንት አስታማሚ ሆነች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ አመል አላት። ዐይኗን ሳትጨፍን ሕልም ታያለች። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ አፍጥጣ ሌላ አገር ነበረች። ኤርፖርት ወለሉን ስትወለውል ከመስኮቱ ማዶ ያሉትን አውሮፕላኖች እንደ ከብት እያገደቻቸው የምትውል ይመስላት ነበር። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ልጅ አለች ብዬ ስጠራት የለችም፤ የለችም ብዬ ስተዋት ከጎኔ ናት» ይሉ ነበር። ደምሰውም ለምዶታል። ወጥ ሲያርርባት ተነስቶ ምድጃውን ያጠፋል እንጂ አይቆጣም።

ማማ ፊሎ ሙሉ ስማቸው ፊሎሜና ነው። በወጣትነታቸው ከደቡብ ጣልያን፣ ግራቪና ከምትባል የገደል አፋፍ ከተማ ተድረው ዴንቨር መጡ። ባላቸው ግንበኛ ነበር። አንዲት ልጃቸው ካርላ አሜሪካዊት ሆና እንድታድግላቸው ስለፈለጉ በአገራቸው ቋንቋ አላናገሯትም። ዕድሜ ሲገፋና የመርሳት በሽታው ሲበረታ ግን እንግሊዝኛው ጥሏቸው መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የዕቃ ስሞች ጠፉ፤ ከዚያ የጎረቤት ስሞች፤ በመጨረሻ «ታንክ ዩ»ም ጠፋች። የቀረላቸው የግራቪናው ቋንቋ ብቻ ሆነ። እሱ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጣልያንኛ ጋር እንኳ የማይገናኝ፣ የቃላቱ ጭራ ተቆርጦ የሚዋጥ የአገር ቤት አነጋገር ነው። ካርላ እናቷ አጠገብ ትቀመጥና ስልኳን አውጥታ ለማስተርጎም ትሞክራለች። ስልኩ ምንም አይገባውም።

ዘርፈሽዋል ግን ቀኑን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ናት። ስታጥባቸው «ውሃው ቀዘቀዘ» ማለትን፣ ሲመገቡ «ዳቦ» እና «ጨው» ማለትን፣ ሲያማቸው «እዚህ ጋ» ማለትን፣ ሲጸልዩ እመቤታችንን መጥራትን ከአፋቸው ለቀመች። ሕፃን ቋንቋ እንደሚማረው ተማረችው፤ ሕጉን ሳታውቅ፣ በጆሮዋ። ዓመት ሲሞላት ሁለቱ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ስለ አልጋ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሕመምና ስለ ጸሎት ከሆነ ዘርፈሽዋል የማትለው ነገር አልነበረም። ከዚያ ውጭ ያለውን በግምት ትከተለዋለች እንጂ መናገር አትችልም።

«ከአንቺ ጋር ታወራለች፤ ለኔ ፈገግ ብቻ ነው የምትለኝ» አለቻት ካርላ አንድ ቀን። ለመቀለድ ፈልጋ ነበር። አልሆነላትም።

ማማ ፊሎ በጣም የሚወዱት ወሬ ስለ ቤታቸው ነው። እጃቸውን ወደ ወለሉ እየጠቆሙ «ከቤቱ ስር ቤት አለ» ይላሉ። «ከዚያኛው ቤት ስር ደግሞ ሌላ ቤት። ከሱ ስር ውሃ።» ዘርፈሽዋል መጀመሪያ በሽታው የሚያናግራቸው መስሏት ነበር። ግን በየቀኑ አንድም ሳያዛንፉ ይነግሯታል። ድንጋዩ ቢጫና ለስላሳ ነው፤ አባታቸው በመጥረቢያ ነበር የሚጠርቡት። ክረምት ላይ ታች ሞቃት፣ በጋ ላይ ቀዝቃዛ ነው። አመሻሽ ወደ አውሮራ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ መስታወቱን ተደግፋ ያንን ቤት ታየዋለች። የምትወርድበትን ፒዮሪያ ጣቢያ ማለፏን የምታውቀው ባቡሩ መልሶ መሄድ ሲጀምር ነው።

እሑድ እሑድ የማማ ፊሎ ታናሽ እህት ኑንዚያ ከግራቪና ይደውላሉ። ዘርፈሽዋል ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ በሁለቱ መሀል ትይዝላቸዋለች። እህትማማቾቹ የሚያወሩት ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ምን በላሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዝናብ ዘነበ። በመጨረሻ ኑንዚያ «አንቺስ ስልክ ያዥ፣ ደህና ነሽ?» ብለው ዘርፈሽዋልን ይጠይቃሉ። ስሟን መጥራት ስላቃታቸው «ስልክ ያዥ» ሆና ቀረች።

በመጨረሻዎቹ ወራት ማማ ፊሎ አንድ ነገር ይደጋግሙ ጀመር። ዐይናቸውን ጨፍነው «ሳ ስቱታት ላ ሉሽ፣ ዳም ላ ማን» ይላሉ። ሁለተኛውን ዘርፈሽዋል ታውቀዋለች፤ «እጅሽን ስጪኝ» ነው። ትሰጣቸዋለች። አሮጊቷ እጇን አጥብቀው ይዘው በሌላኛው እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ይጎትቷታል። ፈርተው ነው ብላ «አለሁ፣ አለሁ» ትላቸዋለች። የመጀመሪያውን ግን አልደረሰችበትም። ካርላንም ጠየቀቻት፤ እሷም አታውቀውም። መስከረም ላይ ማማ ፊሎ የዘርፈሽዋልን እጅ እንደያዙ፣ በጠራራ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሞልቶ ሳለ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ዘርፈሽዋል ሌላ ሥራ ይዛ የበረዶውን ወራት አሳለፈች። መጋቢት ላይ ካርላ ደወለችና አንድ ካፌ ተገናኙ። ካርላ ከስታ ነበር።

«አክስቴ አልሰማችም» አለች።

«ምኑን?»

«የእናቴን ሞት። እንግሊዝኛ የሚችለው ልጇ ሚኬሌ ነው አትንገሯት ያለው። ልቧ ደካማ ነው። እሑድ እሑድ ስትደውል በሱ በኩል ተኝታለች እንላታለን፣ ሐኪም ቤት ናት እንላታለን። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ሄጄ ልነግራት ነው።» ካርላ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ግን በምን ቋንቋ ነው የምነግራት? ሚኬሌ አልችልም ብሏል፤ ከመናገሩ በፊት ራሱ ያለቅሳል። ዘርፊ፣ እንደ እናቴ የሚናገር አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። አብረሽኝ ትሄጂያለሽ?»

ዘርፈሽዋል ስኒዋን አስቀመጠች። መርዶ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የእናቷ ጊዜ ገና ጎሕ ሳይቀድ የአፓርታማዋ በር ተንኳኳ። ስትከፍት የማኅበሯ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። መናገር አላስፈለጋቸውም። ዛሬ ድረስ የምታመሰግናቸው በስልክ ስላላረዷት ነው፤ በሩ ላይ በአካል ስለቆሙ። የሚቆጫት ሌላ ነው። እናቷ በመጨረሻ ምን እንዳሉ የነገራት የለም። ብትጠይቅም «በሰላም አረፉ» ነው መልሱ።

«እሄዳለሁ» አለች።

ቤት ስትነግራቸው ደምሰው በስልክ «ጥሩ አደረግሽ» አለ። ልጇ ማቲ፣ ኮሌጅ የጀመረው፣ ጆሮ ማዳመጫውን ነቀለ።

«ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ዩ ዶንት ስፒክ ኢታሊያን።»

«ጣልያንኛ አይደለም።»

«ዜን ዋት ኢዝ ኢት?»

«የማማ ፊሎ ነው» አለችው፤ ሌላ ስም አላወቀችለትም።

ግንቦት ላይ ሄዱ። ከባሪ አየር ማረፊያ መኪና ተከራይተው ካርላ ነዳች። ዘርፈሽዋል መኪናውን ካስረከባቸው ወጣት በማማ ፊሎ ቋንቋ ውሃ በለመነች ጊዜ ልጁ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ጓደኛውን ጠርቶ ደግሞ አስባላት። ካርላ በእንግሊዝኛ ምን እንዳሳቀው ጠየቀችው። «እሷ እኮ እንደ ቅድመ አያቴ ነው የምታወራው» አላት። «ይህን አነጋገር ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

መንገዱ ሁሉ ስንዴ ነው። አረንጓዴው እስከ አድማስ ተዘርግቶ ነፋሱ ሲያልፍበት እንደ ውሃ ይታጠፋል። በየመሀሉ የድንጋይ ካብ። ዘርፈሽዋል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ዐይኗን ገልጣ ሄደች። ነቅታ ይሁን ተኝታ ለራሷም አልለየላትም። ሜዳው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተሰነጠቀና ገደል ሆነ። በገደሉ ጫፍ ላይ ከተማው ተቀምጧል፤ ቤቶቹ ከአለቱ የወጡ ይሁኑ አለቱ ከቤቶቹ የወረደ አይለይም። ከማዶ ባለው ግድግዳ ላይ የዋሻ አፎች እንደ መስኮት ተደርድረዋል። ሁለቱን ወገን ከፍ ያለ፣ በላይና በታች ቅስት የተሠራለት የድንጋይ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ድንጋዩ ሁሉ ቢጫ ነው። የፀሐይ መጥለቂያ ብርሃን ሲያርፍበት ማር ይመስላል።

«እውነታቸውን ነበር» አለች ዘርፈሽዋል በአማርኛ። ካርላ ምን እንዳለች አልጠየቀቻትም፤ መኪናውን ዳር አስይዛ እሷም ታይ ነበር።

ኑንዚያን የሚያረዷቸው በማግስቱ ጠዋት እንዲሆን ዘርፈሽዋል ናት የወሰነችው። «ሌሊቱን ይተኙ» አለች። «ሐዘን ሲነጋ ነው የሚነገረው። ቀኑ ሙሉ ሰው አብሯቸው ይሆናል።» ሊቀበላቸው የወጣው ሚኬሌ፣ ስልሳውን ያለፈ ትልቅ ሰው፣ እንደ ታዘዘ ልጅ ራሱን ነቀነቀ።

የኑንዚያ ቤት በጠባብ ደረጃ መንገድ ላይ ነው። አሮጊቷ ጥቁር ሹራብ ለብሰው ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። መልካቸው የማማ ፊሎ ነው፤ አፍንጫቸው ብቻ ይበልጣል። ዘርፈሽዋልን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት።

«ይቺ ማን ናት?»

«ስልክ ያዥ ነኝ» አለቻቸው በራሳቸው ቋንቋ።

ኑንዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ተነስተው በሩን በሰፊው ከፈቱትና «ትራስ! ትራስ!» አሏት። ዘርፈሽዋል ገባች።

ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ክብ ዳቦ፣ በግድግዳው ላይ የሙታን ፎቶዎች። ኑንዚያ አላስቀመጧቸውም። ሦስቱንም ተራ በተራ ተመለከቱ፤ ሚኬሌን፣ ካርላን፣ ዘርፈሽዋልን። ሚኬሌ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እዚህ አትንገሩኝ» አሉ አሮጊቷ። «ታች እንውረድ።»

ከጓዳው ጥግ የእንጨት በር አለ። ከበሩ በስተጀርባ ከአለቱ የተፈለፈለ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ሚኬሌ ደረጃው ያዳልጣል፣ ልብሽስ፣ ሐኪሙስ እያለ ለመነ፤ እሳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወርደው ነበር። ዘርፈሽዋል ከኋላቸው፣ ካርላ ከዘርፈሽዋል ኋላ፣ ሚኬሌ መጨረሻ ሆነ፤ የመብራቱ ማብሪያ ካለበት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቀረ። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የአሮጌ ወይን ጠጅ ሽታ አለው። አንድ ክፍል ይመጣል፤ በግድግዳው በርሜል የሚቀመጥበት ጉድጓድ ተቦርቡሯል። ከሱ ስር ሌላ ደረጃ፣ ሌላ ክፍል፤ ስንዴ የሚከተትበት ነበር። ከሱ ስር ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ከውስጧ ቀዝቃዛ ትንፋሽ የሚወጣባት። ታች ውሃ አለ። መጥረቢያው አለቱ ላይ የተወው ጭረት ሁሉ ከነአቅጣጫው ይታያል። ዘርፈሽዋል እጇን አሳረፈችበት። እንግልውድ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስታየው የኖረችው ቤት ይኸው ነው። እግሯ ግን መሬት የነካ አልመስል አላት።

«መብራቱን አጥፋው» አሉ ኑንዚያ።

«እማዬ…»

«አጥፋው።»

ጠፋ። ዘርፈሽዋል እንደዚያ ያለ ጨለማ አይታ አታውቅም፤ ዐይን ቢከፈትም ቢጨፈንም አንድ ነው። የአራቱ ትንፋሽና የሆነ ቦታ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ይሰማል።

«አሁን ተናገሪ» አሉ አሮጊቷ።

ዘርፈሽዋል አፏን ከፈተች። ያኔ ነው «ሞተች» የሚለውን ቃል እንደማታውቀው የገባት። ማማ ፊሎ አላስተማሯትም። ስለ ባላቸው እንኳ ሲያወሩ «ወጣ» ነበር የሚሉት። አልጋ፣ ዳቦ፣ ውሃ፣ ጉልበት፣ እመቤቴ፤ ይህን ሁሉ ቋንቋ ይዛ ባሕር ተሻግራ መጥታ የመጣችበት ቃል የላትም።

«ፊሎሜና ተኛች» አለች በመጨረሻ። «ደህና ተኛች። አልቀዘቀዛትም። አላመማትም። እጄን ይዛ ተኛች። አትነሳም።»

ዘርፈሽዋል ጩኸቱን ጠበቀች፤ ደረት መምታቱን፣ መውደቁን። እጆቿን ዘርግታ ልትይዛቸው ተዘጋጅታ ነበር። ከጨለማው የመጣው ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

«መቼ?»

«መስከረም። ፀሐይ ነበር።»

«አውቄ ነበር» አሉ ኑንዚያ። «እሷ ለእኔ ስልክ ተኝታ አታውቅም።» ቀጥለውም «በመጨረሻ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ዘርፈሽዋል ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። እሷ ስትጠይቅ የተሰጣትን መልስ ብትሰጥስ ብላ አሰበች፤ «በሰላም አረፈች» ማለት ይቻል ነበር። አላለችውም። የሰማችውን፣ ግማሹን ሳይገባት፣ ድምፁን ሳታዛባ ተናገረችው።

«ሳ ስቱታት ላ ሉሽ፣ ዳም ላ ማን።»

ኑንዚያ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ። ዘርፈሽዋል በጨለማው ስትዳብስ እጃቸውን አገኘችው።

«መብራቱ ጠፋ ነው የምትለው» አሉ አሮጊቷ፤ ቅድም ለሚኬሌ «አጥፋው» ያሉበት ቃል መሆኑ ለዘርፈሽዋል አሁን ገባት። «መብራቱ ጠፋ፣ እጅሽን ስጪኝ። ልጆች ሆነን አባታችን ወይን ጠጅ ቅዱ ብሎ እዚህ ይልከን ነበር። ኩራዝ ይዘን እንወርዳለን። ከውሃው ቀዳዳ የሚመጣው ነፋስ ኩራዙን ያጠፋዋል። እኔ እጮሃለሁ። እሷ ታላቅ ናት፤ እጄን ይዛ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ደረጃውን ታወጣኛለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ፈርታ አታውቅም።»

ዘርፈሽዋል ቆማ ቀረች። እነዚያ ሁሉ ወራት፣ አሮጊቷ እጇን ጨብጠው ግድግዳውን ሲዳስሱ፣ እሷ «አለሁ» ስትላቸው፣ ፈርተው የያዟት ሲመስላት… እሳቸው እየመሯት ነበር። ከጨለማ ሊያወጧት። ይህን ለካርላ በእንግሊዝኛ ልትነግራት ፈለገች። ከኋላዋ የካርላ እጅ መጥቶ ሌላኛውን እጇን ያዘ።

«ምን አለች? ዘርፊ፣ ምን አለች እናቴ?»

በተቆራረጠ እንግሊዝኛ ነገረቻት። ካርላ የያዘችውን እጅ አጠበቀችው።

ሚኬሌ «ላብራው?» አለ ከላይ።

«አታብራው» አሉ ኑንዚያ። ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ዘርፈሽዋልን እየጎተቱ፣ ዘርፈሽዋል ካርላን እየጎተተች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡት። አሮጊቷ የት ጋ ዝቅ ማለት፣ የት ጋ መታጠፍ እንዳለበት እጃቸው ያውቃል። የጓዳው ብርሃን ሲያገኛቸው የአራቱም ፊት ላይ ቢጫ ብናኝ ተቀብቷል፤ ማን የት ላይ እንዳለቀሰ በብናኙ ላይ በወረደው መስመር ይታወቃል።

ከዚያ ሐዘኑ እንደ ማንኛውም አገር ሐዘን ሆነ። ጎረቤት ሰማና መጣ። ወንበር ከየቤቱ ወጥቶ ደረጃው መንገድ ላይ ተደረደረ። አንዷ ሾርባ በድስት አመጣች፣ አንዷ ዳቦ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥግ ጥግ ቆሙ። ዘርፈሽዋል ምን መሥራት እንዳለባት ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ሸሚዟን ጠቅልላ ዕቃ አጠበች፣ ለመጣ ውሃ አቀረበች፣ ኑንዚያ ሳይበሉ ሲቀሩ በቋንቋቸው ቆጣ ብላ ማንኪያውን አስያዘቻቸው። አሮጊቶቹ ይቺ ከአፍሪካ መጥታ እንደ ሟቿ የምታወራ ሴት ማን ናት ብለው ሲጠያየቁ፣ ኑንዚያ «የፊሎሜና ናት» ብለው ይመልሳሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አይጨምሩም። ካርላ መሀላቸው ተቀምጣ፣ እናቷን በልጅነቷ የሚያውቋት ሴቶች ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያዩዋት ዋለች።

ከመመለሳቸው በፊት በነበረው ቀን ዘርፈሽዋልና ካርላ ብቻቸውን ከአለት የተፈለፈለውን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዩ። ዘርፈሽዋል ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ጠባቂው ግራ ተጋብቶ ጫማዋን አየ፣ ከዚያ በእጁ አሳለፋት። በዴንቨር ሰው ሁሉ ላሊበላን አይተሻል ወይ ይላታል። አላየችም። ለደሴ ቅርብ ነው እየተባለ፣ ዛሬ ነገ እያለች ሳትሄድ አገሯን ለቀቀች። አሁን በሰው አገር አለት ውስጥ፣ ከአለቱ በተጠረቡ ዓምዶች መሀል ቆማ፣ ሚካኤልን በስሙ ጠርታ ለእናቷ ጸለየች። ለማማ ፊሎም። ሁለቱ በአንድ ጸሎት ሲገቡ ምንም አልተጣሉም።

ሲወጡ ድልድዩ ላይ ቆሙ። ከታች ገደሉ ይምዘገዘጋል፤ ትንንሽ ጭልፊቶች ከዋሻ ዋሻ ይበራሉ።

«አስተምሪኝ» አለች ካርላ ሳትዞር።

«ምኑን?»

«የምታውቂውን ሁሉ።»

ዘርፈሽዋል ከዳቦ ጀመረች። ዳቦ፣ ጨው፣ ውሃ፣ ቀዘቀዘኝ፣ እዚህ ጋ ያመኛል፣ ግቢ፣ ደህና ሁኚ። ካርላ እየተኮላተፈች ተከተለቻት። ወደ ሰማይ ጠቁማ «ያቺስ ወፍ?» ስትላት ዘርፈሽዋል ሳቀች። «እሱን አላውቀውም። አልጋ አጠገብ ጭልፊት አልነበረም።»

አውሮራ ከተመለሱ በኋላ ዘርፈሽዋል ሞንትቤሎ ሰፈር ውስጥ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ መጠበቅ ጀመረች። ሥራው ቀላል ነው፤ እሳቸው መስኮት ያያሉ፣ እሷም መስኮት ታያለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርላ ከእንግልውድ እየነዳች ትመጣለች። የአፓርታማው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቃል ይለዋወጣሉ። ማቲ ፍሪጅ ሊከፍት ሲወጣ ይሰማቸዋል፤ አንዳንዱን ከካርላ አሻሽሎ ይለዋል።

አንድ ቅዳሜ ካርላ ቀና ብላ አየችውና በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። «የእናትህን ቋንቋ ትናገራለህ?»

«አ ሊትል» አለ ማቲ ትከሻውን ሰብቆ።

ካርላ ዐይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። ማቲ የፍሪጁን በር ይዞ ቆመ፤ ቅዝቃዜው እግሩ ላይ ይወርዳል። እናቱ አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በመዳፏ ትሰበስባለች።

«ማሚ» አለ በመጨረሻ፣ የአማርኛ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ «ለእንግዳዋ… ውሃ ልቅዳላት?»

«ቅዳላት» አለች ዘርፈሽዋል። «ለእኔም ቅዳልኝ።»